ካሬ በካሬ የሚሣል የንግድ ምልክት፤ ከቀድሞው የቪዲዮ ጨዋታ ሥዕል ነጋዴ ምን ይማራል?

እንደሚታወቀው ማንኛውም ነጋዴ ለንግድ ቤቱ ስም፥ ለስሙም ምልክት ያወጣል። ይህ ምልክት በታፔላ ላይ ይሰቀላል፤ በደረሰኝና በደብዳቤ ራስጌ ላይ ይታተማል፤ በካርቶንና በጆንያ ላይ ይመታል፤ በዛሬው ጊዜ ደግሞ በእጅ ስልክ መስኮት ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ስፍራ ውስጥ ይታያል። ገዥ ነጋዴውን በአካል ሳያውቀው ምልክቱን አስቀድሞ ያውቃልና፥ ምልክት ነጋዴው በሌለበት ቦታ ስለ ነጋዴው የሚናገር እንደራሴ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዚህ የምልክት ሥራ ውስጥ አንድ ስልት እየተስፋፋ ሄዷል። ይኸውም ከ40 ዓመት በፊት በነበሩት የቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ ይታይ የነበረውን፥ በጥቃቅን ካሬዎች የተገነባውን ሥዕል ለንግድ ዓርማ፥ ለሸቀጥ መጠቅለያና ለማስታወቂያ ማዋል ነው። ወጣት ንድፍ አውጪዎች ይህን ስልት ይዘው ወደ ንግድ ቤት ሲመጡ አንዳንዱ ነጋዴ «ይህ የልጆች መጫወቻ ነው» ብሎ ሳይመረምር ይመልሳቸዋል፤ ሌላው ደግሞ አዲስ ነገር በመሆኑ ብቻ ተማርኮ አምስት ሺህ ካርቶን ያሳትማል። ሁለቱም ሳያመዛዝኑ የወሰኑ ናቸው። የታተመ ካርቶን ተመልሶ ነጭ አይሆንም፤ የተበላሸ ስምም በቀላሉ አይጠገንም። ስለዚህ ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ስልቱ ከየት እንደመጣ፥ ለምን ዓይነት ሸቀጥ እንደሚስማማና በምን ሕግ እንደሚሠራ ማወቅ ይገባዋል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀውም ለዚሁ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ከአዋጆቹ በስተቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

1ኛ፤ የሥዕሉ አመጣጥ

የቴሌቪዥንም ሆነ የስልክ መስኮት በመደዳ የተደረደሩ የጥቃቅን ካሬዎች ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ካሬ በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል። ባለሙያዎቹ ይህን ካሬ ፒክስል ብለው ይጠሩታል። በዛሬው መስኮት ላይ ካሬዎቹ በሚሊዮን ስለሚቆጠሩና እጅግ ስለሚደቁ ዓይን ለይቶ አያያቸውም። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ግን ካሬዎቹ ጥቂትና ትላልቅ ስለነበሩ ሥዕሉ ደረጃ ደረጃ እየሠራ በግልጽ ይታይ ነበር።

በ1978 ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን ጨዋታ አወጣ፤ የፈጠረውም ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነበር። በ1980 ናምኮ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ በቶሩ ኢዋታኒ የተነደፈውን ፓክ ማን ለገበያ አቀረበ። ፓክ ማን ማለት አፉን የከፈተ ቢጫ ክብ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ነገር ግን ያን ቢጫ ክብ በዓለም ዙሪያ ጨዋታውን ተጫውቶ የማያውቀው ሰው እንኳ ይለየዋል። ይህ ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ምልክትን የሚያስታውሰው ሰው ብዛት በምልክቱ ላይ በተደረደረው ጌጥ ብዛት አይለካምና።

በ1981 ደግሞ ኒንቴንዶ ዶንኪ ኮንግ የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ንድፍ አውጪው ሺጌሩ ሚያሞቶ፥ በኋላ ማሪዮ ተብሎ የታወቀውን ሰው የሣለው በጣም ጥቂት በሆኑ ካሬዎች ነበር። አፍ ለመሣል የሚበቃ ስፍራ ስላልነበረ አፍንጫውን አጉልቶ ሪዝ አደረገለት። የጸጉርን እንቅስቃሴ ማሳየት አስቸጋሪ ስለነበረ ባርኔጣ አስደፋው። ሲሮጥ የእጆቹ መወዛወዝ ከሰውነቱ እንዲለይ ባለ ማንገቻ የሠራተኛ ቱታ አለበሰው። እንግዲህ ዛሬ የማሪዮ መለያ የሆኑት ሪዙ፥ ባርኔጣውና ቱታው የተገኙት ከጌጥ ፍላጎት ሳይሆን ከችግር ነው። ችግሩ ንድፍ አውጪውን «ይህ ሰው እንዲታወቅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አስገደደው።

ኒንቴንዶ በ1983 በጃፓን ያወጣው የቤት ጨዋታ መሣሪያ መስኮቱ ወደ ጎን 256፥ ወደ ታች 240 ካሬ ብቻ ነበረው። ለእያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከመደቡ ሌላ የሚፈቀደው 3 ቀለም ብቻ ነበር። በ1985 በወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ውስጥ የሰማዩ ደመናና የምድሩ ቁጥቋጦ አንድ ቅርጽ ናቸው፤ የተለወጠው ቀለማቸው ብቻ ነው። ጨዋታው በሙሉ የተያዘው በ40 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በጥቂት መሣሪያ ብዙ ሥራ መሥራት ማለት ይህ ነው፤ ይህንንም ከነጋዴ የበለጠ የሚረዳው ሰው የለም።

2ኛ፤ ከጨዋታ ወደ ጽሕፈት ቤት

ይህ ስልት በጨዋታ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በ1984 አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ በመስኮቱ ላይ የሚታዩትን ምልክቶች የነደፈችው ሱዛን ኬር የተባለች ሠዓሊ ነበረች። ሥራዋን የጀመረችው ካሬ ካሬ በተሠመረበት ወረቀት ላይ በእጇ እያጠቆረች ነው። የእያንዳንዱ ምልክት ስፋት 32 ካሬ በ32 ካሬ ሲሆን ቀለሙ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። በዚህ ጠባብ ስፍራ ውስጥ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን፥ የእጅ ሰዓቱንና ፈገግ ያለውን ኮምፒዩተር ሣለች። ጸሐፊም ሆነ ሒሳብ ሹም ምንም ትምህርት ሳይወስድ የትኛው ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሱዛን ኬር ሥራው ከሞዛይክና ከጥልፍ ሥራ ጋር የሚመሳሰል መሆኑን በልዩ ልዩ ጊዜ ገልጻለች።

ለእኛም ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሸማኔ የቀሚስ ጥበብ ሲያወጣ ክሩን ቆጥሮ ነው፤ ሰያፍ የሚመስለው መስመር ቀርበው ሲያዩት ደረጃ ደረጃ ነው። መሶብ የምትሰፋ ባለሙያም አለላውን ስታሰባጥር እያንዳንዱን ስፌት እንደ አንድ ነቁጥ ቆጥራ ነው። ስለዚህ የአገራችን ነጋዴ ይህን ስልት ሲጠቀም የግድ የጃፓንን መንፈስና የጃፓንን ጭራቅ መዋስ አያስፈልገውም፤ ለካሬ ሥዕል የሚስማማ ብዙ ቅርጽ በቤቱ አለለት።

የስልቱ ክብርም እየጨመረ ሄዷል። በኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2012 ፓክ ማንና ቴትሪስ የሚገኙባቸውን 14 የቪዲዮ ጨዋታዎች ወደ ስብስቡ አስገባ። በ2016 ደግሞ ዶኮሞ የተባለው የጃፓን የስልክ ኩባንያ በ1999 ያወጣቸውን 176 ጥቃቅን የመልእክት ሥዕሎች ተቀበለ፤ እያንዳንዳቸው 12 ካሬ በ12 ካሬ ናቸው። ስለሆነም «የልጆች መጫወቻ ነው» የሚለው ፍርድ ዛሬ ብቻውን የሚቆም አይደለም።

3ኛ፤ ፊት ነው ወይስ ልብስ?

ከሁሉ አስቀድሞ ነጋዴው ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ የካሬው ስልት የንግድ ቤቴ ፊት ይሁን ወይስ ለአንድ ወቅት የሚለበስ ልብስ? ሰው ልብሱን ቢለውጥ ወዳጁ ያውቀዋል፤ ፊቱን ቢለውጥ ግን እናቱም ትጠራጠራለች።

ስልቱን ፊታቸው ያደረጉ አሉ። ከ2009 ጀምሮ የታወቀው ማይንክራፍት የተባለው ጨዋታ ዓለሙ በሙሉ በካሬ የተሠራ ነው፤ ምልክቱም፥ መጫወቻዎቹም፥ ልብሶቹም እንዲሁ። በ2014 ማይክሮሶፍት የጨዋታውን ባለቤት ሞያንግን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። እዚህ ላይ ካሬው ፊት የሆነው ሸቀጡ ራሱ ካሬ ስለሆነ ነው።

ስልቱን ልብስ ያደረጉም አሉ። ኮካ ኮላ በ2022 ባይት የሚል ስም የሰጠውንና በካሬ ነጥብ ያጌጠውን መጠጥ ያወጣው ለተወሰነ ጊዜና በተወሰነ መጠን ብቻ ነበር። የዘወትሩ ጠርሙስና የዘወትሩ ጽሕፈት ከነበረበት አልተነቃነቀም። ወጣቱ ገዥ አዲሱን ነገር አየ፤ ነባሩም ገዥ የለመደውን አላጣም።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የሚከተለውን ደንብ ማውጣት ይቻላል። ከአባት የተወረሰ፥ ገበያው የለመደው ምልክት ያለው ነጋዴ ያንን ምልክት ጥሎ በካሬ ሥዕል መለወጥ አይገባውም፤ ቢፈልግ ለአንድ በዓል፥ ለአንድ አዲስ ሸቀጥ ወይም ለአንድ የማስታወቂያ ወቅት ይጠቀምበት። ምልክቱ ገና ያልታወቀ አዲስ ነጋዴ ግን ሸቀጡ የሚስማማ ከሆነ ስልቱን ከመጀመሪያው ፊቱ ሊያደርገው ይችላል።

ሸቀጡ የሚስማማ ከሆነ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የካሬው ሥዕል ጨዋታን፥ ወጣትነትንና ያለፈ ጊዜ ትዝታን ያመጣል። ለእጅ ስልክ ዕቃ ሻጭ፥ ለኮምፒዩተር ጥገና፥ ለካናቴራና ለጫማ፥ ለብስኩትና ለጭማቂ፥ ለወጣቶች ቡና ቤት ተስማሚ ነው። ለመድኃኒት ቤት፥ ለሕፃናት ወተት፥ ለሕንፃ ብረት አስመጪ ግን ገዥው የሚፈልገው ጨዋታን ሳይሆን እርግጠኝነትን ስለሆነ ጉዳቱ ይበዛል። ትዝታውም ለማን እንደሆነ መለየት ያሻል። የቤት ጨዋታ መሣሪያ ያልነበረው ሰው እንኳ በኖኪያ ስልክ ላይ እባቡን አጫውቶ ይሆናል፤ ያ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1997 በወጣው 6110 በተባለው ስልክ የመጣ ሲሆን መስኮቱ ወደ ጎን 84፥ ወደ ታች 48 ካሬ ነበረው። ስለዚህ ትዝታው ከሚገመተው በላይ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን በውጭ አገር የሚገኝ የቅባት እህል ገዥ ኮንትራት ሲፈርም የሚያስበው እባቡን አይደለም።

4ኛ፤ የአሠራሩ ደንቦች

ሥራውን ለባለሙያ የሚሰጥ ነጋዴ ራሱ መሣል ባይችልም ሥራው በትክክል መሠራቱን መቆጣጠር የሚያስችለውን ደንብ ማወቅ አለበት። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ የካሬው ቁጥር አስቀድሞ ይወሰን። ለዓርማ የተለመደው 16 በ16፥ 24 በ24 ወይም 32 በ32 ነው። በ16 የማይገለጽ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሐሳቡ ራሱ ያልጠራ ነው።

ለ/ ካሬዎቹ ሁሉ እኩል ይሁኑ። በአንድ ሥዕል ውስጥ ትልቅና ትንሽ ካሬ ከተደባለቀ ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም ሥራው የተጭበረበረ መሆኑ ይሰማዋል። በተለይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ሥዕሎች ከሩቅ የካሬ ሥዕል መስለው ቀርበው ሲታዩ ካሬዎቻቸው የተዛነፉና መስመር የሳቱ ሆነው ይገኛሉ። ነጋዴው ሥዕሉን በመስኮቱ ላይ አጉልቶ ካሬዎቹን በጣቱ ይቁጠር፤ የማይቆጠር ከሆነ አይቀበል።

ሐ/ ቀለም ይቆጠብ። ከመደቡ ሌላ 3 ቀለም ይበቃል። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፤ በጆንያ፥ በካናቴራና በፌስታል ላይ በስክሪን ሲታተም እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀለም ተጨማሪ ስክሪንና ተጨማሪ ወጪ ነውና። ምልክቱ በጥቁርና በነጭ ብቻ ሲታተምም መታወቅ ይኖርበታል፤ ማኅተምና የሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ ሌላ ቀለም የላቸውም።

መ/ ጥላው ይፈተን። ሥዕሉን በሙሉ ጥቁር አድርጎ መመልከት ነው። ጥቁር ጥላው ብቻ ሲታይ ምን እንደሆነ ከታወቀ ሥዕሉ ጥሩ ነው። ፓክ ማን በዚህ ፈተና ያልፋል፤ በዝርዝር ብዛት የታጨቀ ዓርማ ግን ይወድቃል።

ሠ/ ሲያድግ በሙሉ ቁጥር ይደግ። የካሬ ሥዕል ሁለት እጥፍ፥ ሦስት እጥፍ፥ አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ አንድ ተኩል እጥፍ አይሆንም። ለምሳሌ የተለመደው የደረሰኝ ማሽን በአንድ ሚሊሜትር ላይ 8 ነጥብ ያትማል። ባለ 16 ካሬው ዓርማ 16 ሚሊሜትር ስፋት ቢሰጠው ለእያንዳንዱ ካሬ 8 ነጥብ ይደርሰዋል፤ 12 ሚሊሜትር ቢሰጠው 6 ነጥብ ይደርሰዋል፤ ሁለቱም መልካም ናቸው። 13 ሚሊሜትር ቢሰጠው ግን 104 ነጥብ ለ16 ሲካፈል 6 ተኩል ስለሚሆን ማሽኑ አንዱን ካሬ 6፥ ሌላውን 7 አድርጎ ሥዕሉን ያጣምመዋል። በታፔላ ላይም እንዲሁ ነው፤ 160 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ባለ 16 ካሬ ዓርማ እያንዳንዱ ካሬ 10 ሳንቲሜትር ይሆናልና ታፔላ ሠሪው በቀላሉ ለክቶ ይቆርጠዋል።

ረ/ ፋይሉ ይጠበቅ። ሥዕሉ ፒኤንጂ በተባለው የፋይል ዓይነት ይቀመጥ፤ ለታፔላና ለማተሚያ ቤት ደግሞ ቬክተር በሆነ ፋይል ይዘጋጅ። ጄፔግ የተባለው ለፎቶግራፍ የተሠራ በመሆኑ የካሬዎቹን ጠርዝ ያደበዝዛል። በቴሌግራም ወደ ማተሚያ ቤት ሲላክም እንደ ፎቶግራፍ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ በፎቶግራፍ መልክ የተላከው ተጨምቆ ጥራቱን አጥቶ ይደርሳልና። ብዙ የኅትመት ጉድለት የሚመጣው ከማተሚያ ቤቱ ሳይሆን ከዚህ ነው።

5ኛ፤ ስለ ፊደላችን

እስካሁን የተነገረው ለሥዕል ነው። ለጽሕፈት ሲሆን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቀድሞዎቹ ጨዋታዎች የላቲን ፊደል በ8 ካሬ በ8 ካሬ ውስጥ ይጻፍ ነበር፤ ፊደሉም ጥቂት በመሆኑ በቃው። የእኛ ፊደል ግን 33 ቤት በ7 ሆሄ፥ በድምሩ 231 ነው፤ ልዩነታቸውም በጥቃቅን ጭረት ላይ ያርፋል። «ሉ» ጭረቱ በወገቡ ላይ ነው፤ «ሊ» ጭረቱ በእግሩ ሥር ነው፤ «ሌ» ደግሞ በእግሩ ሥር ቀለበት አለው። በ8 ካሬ ቁመት ውስጥ ወገብና እግር ይቀራረባሉ፤ የቀለበቱም ቀዳዳ ይደፈናል። ከ«ሰ» ራስ ላይ አንድ መስመር ሲጨመር «ሸ» ይሆናል፤ ያ መስመር ከጠፋ የነጋዴው ስም ሌላ ስም ይሆናል።

ስለዚህ በአማርኛ የሚጻፍ ስም ቢያንስ በ16 ካሬ ቁመት ይሠራ። ዩኒፎንት የተባለው በነፃ የሚገኝ የካሬ ፊደል ስብስብ የእኛን ፊደል የያዘው በ16 በ16 ካሬ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህም የሚሻል ብልሃት አለ። የአንድ ንግድ ቤት ስም 231 ፊደል አያስፈልገውም፤ አራት ወይም አምስት ፊደል ይበቃዋል። ንድፍ አውጪው እነዚያን ብቻ በእጁ ካሬ በካሬ አስተካክሎ ቢሥላቸው ስሙ የራሱ የሆነ መልክ ያገኛል። ይህም የማይቻል ሲሆን ሥዕሉ ብቻ በካሬ ይሠራና ስሙ በተለመደው ጥርት ያለ የማተሚያ ፊደል ከሥሩ ይጻፍ። ስሙ የማይነበብ ውበት ለነጋዴ ምንም አይጠቅመውም።

6ኛ፤ ከክፍያ ምልክት ጋር እንዳይጋጭ

ዛሬ በብዙ ሱቆች ባንኮኒ ላይ የቴሌብር ወይም የባንክ የክፍያ ኪውአር ኮድ ተለጥፎ ይታያል። ይህ ኮድ በ1994 ዴንሶ ዌቭ በተባለው የጃፓን ኩባንያ የተፈጠረ ሲሆን እርሱም ራሱ የካሬዎች ስብስብ ነው። ስልኩ ኮዱን ለይቶ ማንበብ እንዲችል በአራቱም ጎን የ4 ካሬ ያህል ባዶ ስፍራ ሊተውለት ደንቡ ያዝዛል። የካሬ ዓርማ ያለው ነጋዴ ለጌጥ ብሎ ዓርማውን ወይም የካሬ ጥለቱን ከኮዱ ጋር ቢያጣብቅ ስልኩ ማንበብ ሊሳነው ይችላል። ሊከፍል ስልኩን ያወጣ ደንበኛ ባዶ እጁን እንዲመለስ የሚያደርግ ጌጥ ከኪሳራ ይቆጠራል።

7ኛ፤ ስለ መብትና ስለ ሕግ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ስልቱ፥ ማለትም በካሬ መሣል፥ የማንም ንብረት አይደለም፤ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። በስልቱ የተሣሉት ሰዎችና ፍጥረቶች ግን ባለቤት አላቸው። ማሪዮ የኒንቴንዶ ነው፤ ፓክ ማን የባንዳይ ናምኮ ነው። አሮጌ መሆናቸው ከባለቤትነት አያወጣቸውም።

ይህም በፍርድ ቤት ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። በ1982 በአሜሪካ አገር በአታሪና በኖርዝ አሜሪካን ፊሊፕስ መካከል በተደረገው ክርክር የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ኬ ሲ ማንችኪን የተባለው ጨዋታ የፓክ ማንን በላተኛና መንፈሶች ከሚገባው በላይ መምሰሉን ተመልክቶ ሽያጩ እንዲታገድ ወስኗል። ስሙ ሌላ ነበር፤ ጨዋታውም በሁሉ ነገር አንድ አልነበረም፤ ነገር ግን አላዳነውም። በ2012 ደግሞ በኒው ጀርሲ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ኤክሲኦ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ጨዋታ የቴትሪስን መልክ የገለበጠ ነው ሲል ፈርዷል። እንግዲህ በአገር ውስጥ በሱቁ በር ላይ ማሪዮን የሣለ ሰው እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም ብሎ ቢጽናና፥ ሸቀጡን ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ግን ካርቶኑ በሌላ አገር ጉምሩክ ሊያዝ እንደሚችል ማሰብ አለበት።

የራሱን ምልክት ለመጠበቅም በአገራችን የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ምልክቱ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን በየ7 ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። ሕጉ የሚፈልገው ምልክቱ የአንዱን ነጋዴ ሸቀጥ ከሌላው ለይቶ የሚያሳይ እንዲሆን ነው። እንዲሁም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥዕል ሥራ ጥበቃ ስለሚሰጥ ነጋዴው ከንድፍ አውጪው ጋር በጽሑፍ ይዋዋል። በውሉም ውስጥ ሥዕሉ ከሌላ ያልተገለበጠ መሆኑ፥ የመጠቀም መብቱ ለነጋዴው የተላለፈ መሆኑና ዋናው ፋይል ለነጋዴው የሚሰጥ መሆኑ ይገለጽ። በቃል ብቻ የተሠራ ዓርማ ነገ ንግዱ ሲያድግ የክርክር ምንጭ ይሆናል።

8ኛ፤ ምሳሌ ለልምምድ

አንድ የተቆላ ቡና አዘጋጅ ለውጭ ገበያ በሚሆን ትንሽ ፓኬት ላይ የካሬ ዓርማ ማድረግ ፈለገ እንበል። መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ጀበና ነው። ካሬ በተሠመረበት ወረቀት ላይ 16 በ16 ስፍራ ይከለል። ለጀበናው ሆድ 10 ካሬ ስፋትና 7 ካሬ ቁመት ይሰጠው፤ ለአንገቱ 2 ካሬ ስፋትና 6 ካሬ ቁመት፤ ለአፉና ለክዳኑ 2 ካሬ ቁመት። በአንዱ ጎን ለእጀታው 3 ካሬ፥ በሌላው ጎን ለማፍሰሻው 2 ካሬ ይተው። ቁመቱም ስፋቱም 15 ካሬ ሆኖ አንድ ካሬ ይተርፋል። የሆዱ ማዕዘኖች ደረጃ ደረጃ እየሆኑ ይቀነሱ። በእርሳስ ተሞልቶ ሲያልቅ ከሦስት እርምጃ ርቀት ይታይ፤ ጀበና መሆኑ ከታወቀ የመጀመሪያው ፈተና ታልፏል።

ነገር ግን ሁለተኛው ፈተና ከፊቱ ይጠብቀዋል። ጀበና የቡና ነጋዴ ሁሉ ምልክት ነው። ሥዕሉ ጥሩ ቢሆንም የማን ጀበና እንደሆነ አይናገርም፤ ለምዝገባም ሆነ ለገዥው መታወስ ደካማ ነው። እዚህ ላይ የማሪዮን ሪዝና ባርኔጣ ማስታወስ ይጠቅማል። ነጋዴው ከራሱ ንግድ የተገኘ አንድ ልዩ ነገር ይፈልግ፤ ምናልባት ቡናው የሚመጣበት ተራራ ቅርጽ በጀበናው ሆድ ላይ በሌላ ቀለም ይግባ፤ ምናልባት የቤቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል የጀበናው እጀታ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፤ ሁለት ከተጨመረ 16 ካሬ አይበቃም።

ከዚያ በኋላ ወደ ኅትመት አይሮጥ። ሥዕሉ በአንድ ወረቀት ላይ በሦስት መጠን ይታተም፤ በደረሰኝ መጠን፥ በፓኬት መጠንና በካርቶን መጠን። ከንግዱ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌላቸው አሥር ሰዎች፥ ወጣትም ሽማግሌም እየቀላቀሉ፥ እስከ ሦስት እስኪቆጠር ብቻ አሳይቶ «ምን አየህ? ምን የሚሸጥ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ጀበና ሲሉ ወጣቶቹ ጨዋታ ካሉ ነጋዴው ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጣ ያውቃል። ይህ ፈተና የሚጠይቀው የአንድ ወረቀት ዋጋና የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነው፤ የአምስት ሺህ ካርቶን ወጪ ግን ያድናል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን አሳጥረን ብንናገር፥ የቀድሞው የቪዲዮ ጨዋታ ሥዕል ለነጋዴ የሚሰጠው ዋናው ስጦታ ካሬው አይደለም፤ ቁጠባው ነው። በጥቂት ቀለምና በጥቂት ነቁጥ ራስን ማስታወቅ የቻለ ምልክት በማኅተምም በታፔላም በስልክም ላይ ያው ሆኖ ይታያል። የካሬውን ስልት ለማይወድ ነጋዴ እንኳ ያለውን ዓርማ በ16 ካሬ ውስጥ አስገብቶ ቢሞክረው ምን ትርፍ ነገር እንደተሸከመና ምን ዋና ነገር እንደጎደለው ያይበታል። ስልቱን ለሚወደው ደግሞ ሸቀጡ የሚስማማ መሆኑን፥ ስሙ የሚነበብ መሆኑን፥ ሥዕሉ የራሱ መሆኑንና ምልክቱ የተመዘገበ መሆኑን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ በአክብሮት እንመክራለን።